ሴክስድ ወይስ ተራ የኮርማ አባላዘር? ከመግዛታችሁ በፊት ሒሳቡን እንሥራ

«ሴክስዱን ልግዛ ወይስ ተራው ይበቃኛል?» የወተት ላም ያላቸው ወዳጆቼ ይህችን ጥያቄ ሳይሰለቹ ይጠይቁኛል። ሴክስድ የሚባለው አብዛኛው ጥጃ ሴት እንዲሆን ተለይቶ የተዘጋጀ የኮርማ ዘር ነው፤ ተራው ያልተለየው ነው። አዳቃዩ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ የሚደውሉም አሉ። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለጊደር ሴክስድ፣ አልይዝ ብላ ላስቸገረች ላም ተራ። «ሴት ያስወልዳል» ተብሎ ለሚሸጥ ዱቄትና ጠብታ ደግሞ ሰባራ ሳንቲም አታውጡ።

ሰው የሚደነግጠው በስትሮው፣ ማለትም የቀዘቀዘውን ዘር በያዘችው ቀጭን ቱቦ ዋጋ ነው። ሴክስዱ ከተራው ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠራል። ውድ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በከብት፣ ሴት የሚያስወልደው ኤክስ ስፐርም ወንድ ከሚያስወልደው ዋይ 3.8 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ዲኤንኤ ይይዛል። ያለው ልዩነት ይቺው ናት። ስፐርሙ በሚያበራ ቀለም ይነከርና አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያልፋል። ደመቅ ብሎ የታየው ኤክስ ነው፤ እሱን የያዘችው የፈሳሽ ጠብታ በኤሌክትሪክ ተስባ ወደ አንድ ወገን ትሄዳለች። የስፐርም ጭንቅላት ጠፍጣፋ ስለሆነ በትክክል ዞሮ ካላለፈ ማሽኑ ሊለየው አይችልም። ያልተለየው ይደፋል። ብዙ ነው የሚደፋው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪ የነበረው ላውረንስ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1989 በዚህ መንገድ የተወለዱ ጥንቸሎችን ካሳየ ወዲህ ማሽኑ በጣም ፈጥኗል፤ ብክነቱ ግን አልቀረም።

ስለዚህ በሴክስድ ስትሮ ውስጥ የሚገባው ስፐርም ጥቂት ነው። ተራው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ይይዛል። የመጀመሪያዎቹ ሴክስዶች 2 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ አሁን 4 ሚሊዮን የያዘም አለ። ስትገዙ ስንት ሚሊዮን እንደሆነ ጠይቁ። ለ2 ሚሊዮኑ የ4 ሚሊዮኑን ዋጋ መክፈል ሞኝነት ነው።

አሁን ሒሳቡ። 100 ስትሮ ተራ ገዛን እንበል። 55ቱ ያዙ። በተፈጥሮ ወንድ ትንሽ ስለሚበዛ 27 ሴትና 28 ወንድ ጥጃ እናገኛለን። በሴክስዱስ? የመያዝ ዕድሉ ዝቅ ስለሚል 45ቱ ያዙ እንበል። ከተወለዱት 90 በመቶ ገደማ ሴት ስለሚሆኑ 40 ሴትና 5 ወንድ ይደርሰናል። የሴክስዱ ዋጋ ሦስት እጥፍ ከሆነ ተጨማሪ የከፈልነው የ200 ተራ ስትሮ ዋጋ ነው። ለዚያ ያገኘነው 13 ተጨማሪ ሴት ጥጃ ነው። አንዷ ተጨማሪ ሴት የ15 ተራ ስትሮ ዋጋ ወጣባት ማለት ነው። ዋጋው አምስት እጥፍ ከሆነ ደግሞ 31 ይደርሳል።

በዚህ ላይ የቀሩብንን 23 ወንዶች ዋጋ ደምሩ። ከተራው በተጨማሪ ሳይይዙ የቀሩትን 10 ላሞችም አትርሱ፤ እያንዳንዷ ለ21 ቀን ያህል መኖ እየበላች እንደገና ኮርማ እስክትፈልግ ትጠበቃለች። ወንድ ጥጃ በርካሽ በሚሸጥበት የወተት እርባታ ሴክስዱ ያዋጣል። ወንዱ ደልቦ የሚሸጥ ከሆነ ተራው ምንም አይጎድለውም።

ጊደር ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ጊደር ከወለደች ላም በተሻለ ቶሎ ትይዛለች። ሴት ጥጃ ደግሞ በአማካይ አነስ ስለምትል የመጀመሪያው ወሊድ ይቀላል። ሁለት ሦስቴ ተዳቅላ ባልያዘች ላም ላይ ሴክስድ ማዋል ግን ገንዘብን ውሃ ውስጥ መጣል ነው።

ዋጋውን ካሸነፋችሁ በኋላ የሚቀረው ራስ ምታት አያያዙ ነው። ጥሩ ሴክስድ ገዝተው የሚያበላሹት ብዙ ናቸው። ቀለሙ፣ ሌዘሩና ግፊቱ ስፐርሙን ያደክሙታል፤ እንደ ተራው ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ላሟ ሌሎች ሲወጡባት ዝም ብላ መቆም ከጀመረች ከ16 እስከ 20 ሰዓት በኋላ ትዳቀል፤ ለተራው 12 ሰዓት ገደማ ይበቃል። ስትሮውን ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሆነ ውሃ አቅልጦ ወዲያው የማያስገባ፣ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከትቶ የሚዞር አዳቃይ ካያችሁ ሴክስድ አታስነኩት።

ስትሮው በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ የሚቀመጥበትን ታንክም እዩት። አንገቱ ወይም ጎኑ ላይ ውጪ በረዶ ከጋገረ ወይም ካላበ፣ በግድግዳው ውስጥ ቅዝቃዜውን የሚጠብቀው አየር አልባ ክፍተት (ቫክዩም) ሄዷል፤ ናይትሮጅኑ እያለቀ ነው። አንድ ጊዜ ሞቆ የተመለሰ ስትሮ ደግሞ ከውጭ ሲታይ ከደህናው አይለይም።

አስመሳዩ ከዚህ ይከፋል። አንድ ነጋዴ ለጎረቤቴ «ሴክስድ» ብሎ የሸጠለትን ስትሮ፣ ላሟ ከተዳቀለች በኋላ ባዶውን ካዳቃዩ እጅ ተቀብዬ አየሁት። የኮርማ ኮድ የለውም። ያለችውም ጽሑፍ በአውራ ጣት ስትታሽ ለቀቀች። ደህና ስትሮ ላይ የኮርማው ስምና ኮድ፣ የተመረተበት ቀንና ሴክስድ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ታትሞበታል፤ ታሽቶ አይለቅም። ጎረቤቴ ሲሟገት ነጋዴው ምን ቢለው ጥሩ ነው? «100 በመቶ አላልኩም!» እውነቱን ነው፤ ደህናውም ቢሆን ከ10 አንዱ ወንድ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ጥጃ ማንንም መክሰስ አይቻልም። ማስረጃው ስትሮው ላይ ነውና ባዶውን አትጣሉት።

የዱቄትና የጠብታው ንግድም የሚኖረው በዚሁ ነው። ምንም የማይሠራ ነገር ብትሸጡ እንኳ ግማሽ ያህሉ ደንበኛ ሴት ጥጃ አግኝቶ ያመሰግናችኋል። ሌላው ግማሽ ዕድሉን ይረግማል። ላሟን በዚህ ሰዓት አዳቅሉ፣ ይህን አብሏት የሚሉትም ከዚያው ናቸው።

ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ፣ ማለትም ሴክስድም ጥሩ ኮርማም ካልተቻለ፣ እኔ ኮርማውን እመርጣለሁ። የሴት ልጆቹ ወተት የተመዘገበለት ኮርማ ተራ ስትሮ፣ ማንነቱ ካልታወቀ ኮርማ ሴክስድ ይበልጥብኛል። የኮርማውን ወረቀት ሳያሳይ ዋጋ የሚጠራ ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት።