ከደሴ የገዛሁት «ባለ 12 ቢት» ቺፕ ባለ 10 ቢት ሆኖ ተገኘ፤ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ሱቆች በአንዱ ኤም ሲ ፒ 3208 ተብለው የተሸጡልኝ አራት ቺፖች ቁጥራቸው ተፍቆ ሌላ የተጻፈባቸው ባለ 10 ቢት ቺፖች ናቸው። ኤም ሲ ፒ 3208 የሴንሰርን ቮልቴጅ ወደ ቁጥር የሚለውጥ ባለ 12 ቢት ቺፕ ነው፤ ቢቱ በበዛ ቁጥር ይበልጥ ጥቃቅን ልዩነት ይለያል። ገንዘቤን ስጠይቅም ተዋርጄ ወጥቻለሁ። የሱቁን ዓይነት ታውቁታላችሁ፦ ፊት ለፊት የስልክ ስክሪንና ቻርጀር ደርድሮ ከኋላ በመሳቢያ ትራንዚስተርና አይ ሲ የሚያስቀምጥ፣ የሌለውን ዕቃ «ከአዲስ አበባ አስመጣልሃለሁ» ብሎ ቀብድ የሚቀበል፣ ደረሰኝ ሲጠየቅ ማሽኑ ተበላሽቷል የሚል፣ ግድግዳው ላይም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ የለጠፈ ነው።

ቺፖቹን የፈለግኋቸው ኮምቦልቻ ውስጥ ለሚገኝ የጫጩት ማስፈልፈያ መቆጣጠሪያ ስለምሠራ ነው። የዶሮ እንቁላል በ37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ 21 ቀን ይታቀፋል፤ ሙቀቱ ሳይታወቅ ግማሽ ዲግሪ ፈቅ ብሎ ከሰነበተ የሚፈለፈለው ጫጩት ይቀንሳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማሽን ውስጥ ስድስት ኤል ኤም 35 የሙቀት ሴንሰሮችንና ሁለት የእርጥበት ሴንሰሮችን በየተራ አንብቦ ወደ ዲጂታል የሚለውጥ፣ ስምንት መግቢያ ያለው ቺፕ ያስፈልግ ነበር። ከእንዲህ ዓይነት ቺፖች ዴልታ ሲግማ የሚባለው ቢቱ ብዙ ቢሆንም በውስጡ ማጣሪያ ስላለው ከአንዱ መግቢያ ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር ንባቡ እስኪረጋጋ ያስጠብቃል። 3208 የሚመደብበት ኤስ ኤ አር የሚባለው ግን የመጣውን ቮልቴጅ በትንሽ ካፓሲተር (ቻርጅ በሚይዝ ክፍል) ይዞ መጀመሪያ ከሪፈረንሱ (ለማነጻጸሪያ ከሚሰጠው ቋሚ ቮልቴጅ) ግማሽ ጋር፣ ቀጥሎ እንደ ውጤቱ ከሩቡ ወይም ከሦስት አራተኛው ጋር እያነጻጸረ ቢቶቹን አንድ በአንድ ይወስናል፤ ለ12 ቢት 12 ጊዜ ያነጻጽራል ማለት ነው።

በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ተጨማሪ ቢት ዋጋ ያስከፍላል። በተለመደው አሠራር አንድ ቢት ሲጨመር የካፓሲተሮቹ ጠቅላላ መጠን እጥፍ ይሆናል፣ ቮልቴጆቹን የሚያነጻጽረው ኮምፓራተር የቀድሞውን ግማሽ የሚያህል ልዩነት መለየት ይጠበቅበታል፣ መግቢያውም በበለጠ ጥራት እስኪረጋጋ ጊዜ ይፈልጋል። ለዚህም ነው ባለ 12 ቢቱ 3208 በ5 ቮልት በሰከንድ እስከ 100,000 ጊዜ ሲያነብ ባለ 10 ቢቱ ወንድሙ ኤም ሲ ፒ 3008 እስከ 200,000 የሚደርሰው። ፍጥነት ለሚፈልግ 3008 ደህና ዕቃ ነው፤ እኔ ግን ለጥራት ነበር የከፈልኩት። በ5 ቮልት ሪፈረንስ ባለ 12 ቢቱ 1.22 ሚሊ ቮልት ሲለይ ባለ 10 ቢቱ የሚለየው 4.88 ሚሊ ቮልት ነው። ኤል ኤም 35 ለአንድ ዲግሪ 10 ሚሊ ቮልት ስለሚሰጥ ልዩነቱ 0.12 ዲግሪ ከማየትና 0.49 ዲግሪ ከማየት ጋር እኩል ነው። ባለ 10 ቢቱም ጥቃቅን ልዩነት እንዲለይ ሪፈረንሱን ዝቅ ማድረግ ነበር የሚለኝ ካለ፣ ሪፈረንሱ ለስምንቱም መግቢያዎች አንድ ነው፤ የእርጥበት ሴንሰሮቹ ደግሞ ከ3 ቮልት በላይ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ከሪፈረንሱ በላይ የሆነ ቮልቴጅ አይለካም።

ማጭበርበሩ የታወቀኝ ሙቀቱን ቀስ እያልኩ ስጨምር ነው። ንባቡ 305 ካለ በኋላ 309፣ ከዚያም 315 ይላል፤ ማለትም ከ37.2 ዲግሪ ወደ 37.7፣ ከዚያ ወደ 38.5 ይዘላል፤ በመካከል ያሉት ቁጥሮች ፈጽሞ አይታዩም። ኤም ሲ ፒ 3008 አሥሩን ቢት ከሰጠ በኋላ ክሎክ (ቢቶቹን አንድ በአንድ የሚያስወጣው ምት) ከቀጠለለት ያንኑ ቁጥር ከታች ወደ ላይ እየገለበጠ ይደግማል። ስለዚህ እንደ 12 ቢት ሲነበብ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቢቶች አዲስ መረጃ የያዙ ሳይሆኑ ቀደም ብለው የወጡት ቢቶች ድጋሚ ናቸው። በአራቱም ቺፖች ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። የሁለቱ ቺፖች እግር አቀማመጥ አንድ ዓይነት መሆኑ ለአጭበርባሪ ተመችቶታል።

የሐረጎን አቀበት ወጥቼ ደሴ ስደርስ ቦርዱንና ላፕቶፔን ይዤ ነበር። ባለሱቁን «ጋሼ፣ ይህ ያዘዝኩት ዕቃ አይደለም» ብዬ ቁጥሮቹን ላሳየው ስል ወደ ስክሪኑ እንኳ አልዞረም። «ቁጥሩ ተጽፎበታል፤ ማንበብ አትችልም?» አለኝ። ጥጥ አሴቶን ነክሬ እዚያው ባንኮኒው ላይ አንዱን ቺፕ ጠረግሁት። ነጩ ጽሑፍ ከጥጡ ጋር ለቀቀ፣ ከሥሩም በአሸዋ ወረቀት የተፋቀ ጭረት ተገለጠ። በሌዘር የተቀረጸ የፋብሪካ ቁጥር እንዲህ አይለቅም። ሰውየው ቺፑን አንስቶ ወደ ብርሃን አዙሮ ተመለከተው፤ የሚያምን መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወደ ሠራተኛው ዞሮ «አየህ? ቁጥሩን ራሱ አጥፍቶ መጥቶ ነው ገንዘብ የሚለኝ» አለ። ማስረጃዬን ዓይኔ እያየ የእኔ ጥፋት አደረገው። ሠራተኛው ሳቀ፤ «አንተ ልጅ፣ መብራት ካገኘ ይሠራል፤ ቢት ቢት አትበልብን» ብሎም ቺፑን ወደ እኔ ወረወረው። 5,600 ብሩ በዚያው ቀረ። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን ሁለቱም የሸጡትን ዕቃ በደንብ እንደሚያውቁት ፊታቸው ላይ ማንበቤ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ ለገዛ ሸማች መብት ይሰጣል፤ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይህን መብት አይሽርም። ቺፖቹን እንዳሉ ይዤ አቤቱታዬን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ። እናንተ ግን ደረሰኝ ካልተቆረጠላችሁ አትክፈሉ፤ ከመክፈላችሁ በፊትም ሻጩ እያየ አንዱን ቺፕ በአሴቶን ጥረጉት። የገዛችሁትን ከፖቴንሽዮሜትር (በማዞር ቮልቴጅ ከሚያስተካክል ሬዚስተር) ቀስ እያለ የሚጨምር ቮልቴጅ ሰጥታችሁ ቁጥሮቹ ሳይዘሉ ተከታትለው መምጣታቸውን እዩ።