የሞምባሳ ፓኬጅ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና ገላን አካባቢ ያላችሁ፣ ይሄ በተለይ ለናንተ ነው። አስፋልቱ ዳር የተሰቀለውን ሰማያዊ ባነር አይታችሁታል፤ ዶልፊን ያለበትን። «ቦርሳህን አንግበህ ና! 7 ቀን፣ 3 ደሴት፣ ሁሉም ያለበት!» የሚለውን። የአስጎብኚ ድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ጣጣ አልፈልግም። የሆነውን ግን ልንገራችሁ።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር፣ ላንጋኖን ባሕር ካላላችሁት በቀር። መጋቢት ላይ እቁብ ወጣልኝና ከጓደኛዬ ጋር «ባሕር ሳናይ አናረጅም» ተባብለን፣ ኬንያ ባሕር ዳር ወዳለችው ሞምባሳ ለመሄድ ቢሯቸው ገባን። ሰውየው ማኪያቶ አስመጣልን። ለአንድ ሰው 118,000 ብር። ከወር በፊት ስንት እንደነበር ነገረንና «ለናንተ ብለን ነው የቀነስነው» አለ። ጉዞው ግንቦት ላይ ነው። ለምን ግንቦት ብለን አልጠየቅንም። ሞኝነታችን እዚህ ላይ ይጀምራል።

ዝርዝሩ ላይ «የኬንያ ቪዛ ማስፈጸሚያ፣ 9,500 ብር» ይላል። ልብ በሉ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለጉብኝት ኬንያ ሲገባ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ሁለቱ አገሮች ድሮ የተስማሙበት ነገር ነው። ናይሮቢ ላይ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ፓስፖርቴን አገላበጠ፣ ማህተሙን ደፋ፣ «ካሪቡ» (እንኳን ደህና መጣሽ) አለኝ፣ አለቀ። የምር የሚያስፈልገውን ደግሞ አልነገሩንም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። እኔ ከዚህ በፊት ያወጣሁት ነበረኝ፤ ጓደኛዬን «ተከተቢ» ብላ ያተረፈቻት ነርስ የሆነች ጎረቤታችን ናት፣ ያውም ለጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ እዚሁ ቦሌ ላይ ልትቀር ትችል ነበር። ስለ ወባ መድኃኒትም ትንፍሽ አላሉም፤ እኛ ደግሞ ደጋ ላይ ያደግን ሰዎች፣ ትንኝ መቼ እናውቃለን።

ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር ነው። ባቡሩስ ደስ ይላል፣ አልዋሽም። በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው መስመር ነው፤ በመንገድ ላይ ዝሆን በመስኮት ይታያል። የተከፈለው ግን «ፈርስት ክላስ» ተብሎ ነበር። ቲኬቱ ሲሰጠን ኢኮኖሚ ነው፣ ጉልበትህ ከፊት ለፊትህ ከተቀመጠው ሰው ጉልበት ጋር እየተጋጨ። ዋጋውም እዚያው ላይ ታትሟል፣ 1,500 ሽልንግ። በኛ ሁለት ሺህ ብር እንኳን አይሞላም። ወረቀታችን ላይ ለባቡር 9,000 ብር ነበር የተጻፈው።

አሁን ወደ ደሴቶቹ እንምጣ፣ ዋናው ቀልድ እሱ ነው። በሁለተኛው ቀን «የመጀመሪያው ደሴት ጉብኝት» ይላል። እኔና ጓደኛዬ በጠዋት ተነስተን፣ ቦርሳችንን አንግበን፣ ኮፍያ አድርገን፣ ጀልባ እንጠብቃለን። አስጎብኚው በእግር ይዞን ሄደ። አሮጌው ከተማ ገባን፣ ፖርቱጋሎች በ1593 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመሩትን ምሽግ፣ ፎርት ጂሰስን አየን፣ ግድግዳው በባሕር ድንጋይ የተሠራ ነው፣ ያምራል። ምሳ ሰዓት ላይ «ደሴቱ ጋ መቼ ነው የምንሄደው?» አልኩት። ሳቀ። «ቆመሽበታል እኮ!» አለኝ። ሞምባሳ ከተማ ራሷ ደሴት ናት ለካ! ሆቴላችን ያለባትን ከተማ ነው እንደ አንድ ደሴት ቆጥረው የሸጡልን።

በማግስቱ ከሞምባሳ በስተደቡብ ወዳለው የዲያኒ ባሕር ዳርቻ ስንሄድ ሊኮኒ ላይ በፌሪ፣ ሰውና መኪና በሚያሻግር ትልቅ ጀልባ፣ መሻገር አለ። ለዚህ 1,800 ብር ከፍለናል። ሕዝቡ እንደ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ይጎርፋል፣ አትክልት የተሸከመ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ሳይክል የሚገፋ። እኔ ሳንቲም ጨብጬ ትኬት የሚቆርጠውን ሰው እፈልጋለሁ። አንዲት ማንጎ የምትሸጥ እናት እጄን አየችና ሳቀችብኝ። ለእግረኛ ነፃ ነው።

ሁለተኛዋ ደሴት ዋሲኒ ነበረች፣ ሺሞኒ ከምትባል መንደር በጀልባ የሚኬድባት፣ ዶልፊን የሚታይባት። አልሄድንም። ያስቀረን ነፋሱ ነው፤ «ኩሲ» ይባላል፣ ከደቡብ ነው የሚመጣው፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ባሕሩን ያናውጠዋል፣ በዚያ ላይ ሚያዝያና ግንቦት ትልቁ ዝናባቸው ነው። ባለጀልባው ሰማዩን አሳየን፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ተመልሶ ተኛ። ባሕሩ ጋብ የሚለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው አለን። ለካ «ለናንተ ብለን የቀነስነው» ማንም የማይሄድበት ወር ስለሆነ ነው። ሦስተኛዋ ላሙ ናት፣ «ደርሶ መልስ በአንድ ቀን» ተብላለች። ከሞምባሳ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና፣ ከዚያ ደግሞ በጀልባ። አስጎብኚው ራሱ ወረቀቱን አይቶ «ይሄን ማን ጻፈው?» አለ።

ባሕሩን ግን አየሁት። ማዕበሉ ጭቃ ለብሶ፣ ዝናብ እየወረደብኝ ቆሜ አየሁት። ይሄን ማንም አይወስድብኝም።

ተመልሰን ብራችንን ስንጠይቅ ሰውየው «የአየር ፀባይ የፈጣሪ ሥራ ነው እህቴ» አለ። ማኪያቶም አልመጣም። ደረሰኝ ስንፈልግ ያለን ከስቴሽነሪ የሚገዛ ብጣሽ ወረቀት ነው፣ የግብር ከፋይ ቁጥር የለው፣ ምን የለው። የከፈልነው በቴሌብር ነበር፣ እሱም በድርጅቱ ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ስለ ደረሰኝ ይናገራል፤ ብጣሿን ይዤ ንግድ ቢሮ ሄጄ አመልክቻለሁ፣ እየተመላለስኩ ነው። እናንተ ግን ከከፈላችሁ የማሽን ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የድርጅት አካውንት ካልሰጧችሁ ተነስታችሁ ውጡ። የየዕለቱን ፕሮግራም በጽሑፍ ጠይቁና ካርታ ላይ ራሳችሁ ለኩት፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ወሩንም ጠይቁ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ባነሩ ተቀይሯል። ዶልፊኑ እዚያው ነው፤ አሁን ግን «4 ደሴት» ይላል። አራተኛዋን ከየት እንዳመጧት የገባው ካለ ይንገረኝ።