የካናሌቶ ቀለም ወይስ የተርነር እርሳስ?

ጣሊያናዊው ሰዓሊ ካናሌቶና እንግሊዛዊው ሰዓሊ ተርነር ሁለቱም የቬኒስ ከተማን ዋና የውሃ መንገድ፣ ግራንድ ካናልን፣ ስለዋል። ካናሌቶ በ18ኛው መቶ ዘመን በዘይት ቀለም መስኮቱን፣ ግድግዳውን፣ ቀዛፊውን ሳይቀር አንድ በአንድ አስቀምጦልናል። ከተማዋ ያኔ ምን ትመስል እንደነበር ማየት ለሚፈልግ ሁነኛ ምርጫ ነው።

የኔን ልብ የሚወስዱት ግን ተርነር እ.ኤ.አ. በ1819 ቬኒስን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ በትንንሽ ደብተሮች ላይ ቶሎ ቶሎ የሳላቸው የእርሳስ ንድፎች ናቸው። ዛሬ ለንደን፣ ቴት ሙዚየም ይገኛሉ። "ያላለቀ ሥራ" ብሎ ማለፍ ግፍ ነው! ቀረብ ብላችሁ እዩ። የጣሪያው መስመር ተለይቶ ወጥቷል፤ መስኮቶቹ ግን ጥቂት ጭረት ብቻ ናቸው። ውሃውስ? አብዛኛው ባዶ ወረቀት ነው፤ ዓይናችን ራሱ ይሞላዋል። ካናሌቶ ጋ ሁሉም ተሰጥቶኛል። እዚህ ግን እርሳሱ የት ጠበቅ፣ የት ፈጠን እንዳለ እያየሁ ከሰዓሊው እጅ ጋር አብሬ እሄዳለሁ።