ከፒስታው ጉዞ ጀርባ ለነበሩት መካኒክ ምስጋና፣ ለቀጣይ ተጓዦችም ጥቆማ

ውድ ወዳጆች፣ ለበጎ አድራጎት በሞተር ያደረግነው ረጅሙ የፒስታ ጉዞ በሰላም ተጠናቋል። ከእናንተ የተሰበሰበው ገንዘብም ሳይሸራረፍ ገቢ ሆኗል፤ ደረሰኙን ለለገሳችሁ ሁሉ ልከናል። እግዚአብሔር ይስጥልን! ይህን ግን የምጽፈው ለአንድ ሰው ነው። ሞተሮቻችንን ያዘጋጁልን፣ ከዚያም በአጃቢ መኪና እስከ መጨረሻው የተከተሉን መካኒክ አንድም ፎቶ ላይ የሉም። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስለማይወዱ እኛ እንደምንጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ።

ገንዘቡን ያሰባሰብነው መኪና በማይገባበት ቦታ ክትባትና መድኃኒት ለሚያደርሱ የጤና ሠራተኞች ሞተር ለመግዛት ነበር። ዕቅዱን ይዘን ጋሼ ዘንድ ስንሄድ ስለ መንገዱ ከመጠየቃቸው በፊት፣ «ልጆቼ፣ የምትገዙትን ሞተር ማን ነው የሚጠግነው?» አሉን። ያቺ ጥያቄ የገንዘቡን አጠቃቀም ቀየረችው። ከእሳቸው ጋር ተቀምጠን ከሚገባው ገንዘብ የተወሰነው ለመለዋወጫ፣ ለመፍቻ ዕቃና ሠራተኞቹን የዕለት ተዕለት ፍተሻ ለማስተማር እንዲውል ተስማማን። የምንደግፈው ድርጅትም ሐሳቡን በደስታ ተቀበለው።

ጋሼ የተናገሩት ነገር በተግባር የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካዊው የሞተር ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላና እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ባሪ ኮልማን የእርዳታ ሥራ ለማየት ወደ ሶማሊያ ሄደው ነበር። እዚያ ያገኙት በቀላል ጥገና ሊሠሩ ሲችሉ ቆመው የቀሩ ተሽከርካሪዎችን ነው። በኋላ ከባሪ ባለቤት ከአንድሪያ ኮልማን ጋር ሆነው ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ እንደ ጋምቢያና ሌሶቶ ባሉ አገሮች የሠራው ሥራ ዋና መነሻው ሞተር እስኪበላሽ ሳይጠበቅ በጊዜው መጠገን ነው። ሞተር መለገስ ፎቶ ላይ ያምራል። ዘይቱንና ፍሬኑን የሚከታተል ሰው ከሌለ ግን ክትባቱ የሚፈለግበት ቦታ አይደርስም።

ወደ ጋራዡ ሥራ ልመለስ። ጋሼ ሲሠሩ ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ጎማውን ከፍ አድርገው ቀስ ብለው እያሽከረከሩ የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በመፍቻ ጫፍ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ጆሯቸውን አስጠግተው ክራር እንደሚቃኝ ሰው ያዳምጣሉ። ጠበቅ ያለው ሽቦ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ይደፈናል። ድንጋያማ መንገድ ላይ አንድ ሽቦ ከላላ ጭነቱ ወደ ጎረቤቶቹ ይዞራል፤ ከዚያ ቸርኬው ይጣመማል። ሰንሰለቱንም ሞተሩ ባዶውን ቆሞ ብቻ አይለኩም። ነጂውን ከነሻንጣው አስቀምጠው ነው ምን ያህል እንደሚላላ የሚያዩት፤ ያለ ጭነት ልክ የመሰለ ሰንሰለት የኋላው አሞርዛተር (የመንገዱን ንረት የሚቀበለው) ሲጨመቅ ይወጠርና ኩሽኔታውን ይበላል። የአየር ፊልትሮውን ደግሞ አጥቦ ዘይት መቀባት ለሁላችንም በየተራ አሠርተውናል፤ አቧራ አልፎ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ሞተሩን ከውስጥ ይፍቀዋልና።

ከመነሳታችን በፊት ማንም ሰው የውስጥ ጎማ ያለ እርዳታ መቀየር ካልቻለ አብሮ እንዳይወጣ ወሰኑ። ጥብቅ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ትክክል ነበር እላለሁ። በታላቁ የዳካር የበረሃ ውድድር እንኳ ያለ ረዳት የሚወዳደሩ ሞተረኞች አሉ፤ መፍቻቸውና መለዋወጫቸው በአንድ ሳጥን ተጭኖ ካምፕ ይደርስላቸዋል፣ ማታ ማታ ሞተራቸውን ራሳቸው ይጠግናሉ። አጃቢ መኪና ሁልጊዜ ከኋላ አይደርስም።

መንገድ ላይ ሥራቸው የሚጀምረው የእኛ ሲያበቃ ነበር። እኛ ድንኳን ስንተክል እሳቸው ባትሪያቸውን ይዘው ሞተሮቹ ሥር ይገባሉ። አንድ ምሽት ላይ የአንዱን ጓደኛችንን የሻንጣ መደገፊያ ብረት በጨርቅ ጠርገው ዝም ብለው ያዩት ጀመር። ብየዳው ጥግ ላይ ቀለሙ ፀጉር በምታህል መስመር ተሰንጥቋል። እኛ ቢነገረንም እንኳ ለማየት ተቸግረን ነበር። ሻንጣውን አስወርደው ከባዱን ዕቃ ወደ መኪናው አዛወሩ፣ ብረቱን ከሥር በሌላ ብረት ደግፈው አሰሩት፣ በማግስቱ ብየዳ ያለበት ቦታ ስንደርስ አስበየዱት። ያ ብረት ቁልቁለት ላይ ተሰብሮ ሻንጣው የኋላ ጎማ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ሞተር የሚነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ያ ጓደኛችን የልጆች አባት ነው።

አሸዋ ሲመጣ የጎማ አየር ያስቀንሱናል፣ ድንጋይ ሲጀምር መልሰው ያስሞሉናል፤ አየሩ ካነሰ የውስጡ ጎማ በድንጋይና በቸርኬ መሀል ተቆንጥጦ ይበሳል።

ስለ ገንዘብም ልናገር፣ ምክንያቱም በበጎ አድራጎት ጉዞ ላይ ብዙ ጊዜ ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የጉዟችንን ነዳጅ፣ የራሳችንን ሞተሮች መለዋወጫና የጋሼን ክፍያ ተጓዦቹ ከኪሳችን ከፍለናል፤ ከልገሳው የተነካ የለም። እሳቸው ደግሞ እያንዳንዱን ዕቃና የሥራ ሰዓት ለይተው በጽሑፍ ሰጥተውናል፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም መልሰው አስረክበውናል። ብዙዎቻችሁ በኪሎ ሜትር ሂሳብ ቃል ስለገባችሁ ሞተር ቆመ ማለት ገቢ ቆመ ማለት ነበር። ጋሼ በየምሽቱ የእያንዳንዱን ሞተር የኪሎ ሜትር ቆጣሪ እያነበቡ በደብተር መዝግበው ይፈርሙ ነበር። ለለጋሾች የላክነው ሂሳብ የተሠራው ከዚያ ደብተር ነው።

ተመሳሳይ ጉዞ የምታስቡ ካላችሁ ያለ ምንም ማመንታት እጠቁማችኋለሁ። ሆኖም ቀድማችሁ ሂዱ፤ ለነገ ጉዞ ዛሬ የመጣ ሞተር አይቀበሉም። ዋጋቸው ርካሽ አይደለም፣ ግን ሥራ ሳይጀምሩ ይነግሯችኋል፣ በመሀል አይጨምሩም። ሻንጣችሁ ከበዛ ይቀንሱላችኋል፤ አትከራከሯቸው። መለዋወጫው በቀላሉ የማይገኝ ሞተር ካላችሁም በግልጽ «በዚህ አትውጡ» ይሏችኋል።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስቀድሜ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉልኝ የሞተራችሁን ዓይነት፣ የምትሄዱበትን የመንገድ ዓይነትና መነሻ ቀናችሁን አብራችሁ ላኩልኝ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እነሱን ነው።