ለአንዲት የሕክምና ትምህርት ተመራማሪ፦ ከጅማ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በዚህ ዓመት ብቻ አራት ባልደረቦቼ፣ ሁለቱ እዚሁ ጅማ ያሉ ሁለቱ ከሌላ ከተማ፣ «ያንን የፈተና ጥናት ማን አማከረህ?» ብለው ስለጠየቁኝ፣ ለእያንዳንዳቸው በስልክ ከመመለስ ይልቅ በአደባባይ መጻፉን፣ በዚያውም ለባለውለታዬ የሚገባቸውን ምስጋና ማቅረቡን መረጥሁ። ያማከሩኝ አንዲት አንጋፋ ሐኪምና የሕክምና ትምህርት ተመራማሪ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ከጅማ አልተነቃነቁም፤ ስለ ሐኪሞች ሥልጠና ማጥናት የሚፈልጉ ወጣት መምህራንን ቅዳሜ ከሰዓት እቤታቸው እየተቀበሉ ያማክራሉ። ይህን ጽሑፍ አስቀድሜ ባሳያቸው «ስሜን ከውስጡ ሰርዘው፣ ሌላውን እንደፈለግህ» ስላሉኝ፣ እንደ ፈቃዳቸው «ዶክተር» እያልሁ እቀጥላለሁ።

እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ማስተማር በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት የተመራቂ ተማሪዎችን የመጨረሻ የተግባር ፈተና እንዳስተባብር ኃላፊነት ተሰጠኝ። የማስተምርበትን ተቋም ስም አልጠራም፤ ችግሩም የአንድ ተቋም ብቻ አይመስለኝም። ተማሪዎቹ ለዓመታት የሚያጉረመርሙበት ነገር ነበር፦ በሎንግ ኬዝ ፈተና፣ ማለትም ተማሪው አንድ በሽተኛ መርምሮ ለፈታኝ በሚያስረዳበት ፈተና፣ ውጤትህን የሚወስነው የመረመርኸው በሽተኛ ወይም ያነበብኸው መጽሐፍ ሳይሆን የደረሰህ ፈታኝ ነው ይላሉ። አንዱ ፈታኝ ጨካኝ፣ ሌላው አዛኝ የሚል ስም ወጥቶለት ስለነበር፣ የፈተና ድልድሉ በተለጠፈ ጠዋት ማን እንደሚያልፍ ኮሪደሩ ላይ ከሚታየው ፊት ይነበብ ነበር። እኔም ተማሪ ሳለሁ የቀመስሁት ነገር ስለሆነ ላጠናው ተነሣሁ፤ አርባ ሁለት ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አዘጋጅቼ፣ ላፕቶፔን አንግቼ ዶክተር ዘንድ ሄድሁ።

መጠይቁን ተቀበሉኝና ሳያነቡት ገለበጡት፤ ጀርባው መጻፊያ ሆነ። «ልጄ፣ ተማሪዎቹ ፈተናው አድሏዊ ነው ብለው እንደሚያስቡ ታውቃለህ። ያንን ለመስማት አርባ ሁለት ጥያቄ አያስፈልግህም። የማታውቀው ምንድን ነው?» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብዬ ቆየሁና፣ ሁለት ፈታኞች አንድን ተማሪ አብረው ቢያዩት ተመሳሳይ ውሳኔ ይሰጡ እንደሆነ አላውቅም ብዬ መለስሁ። «ታዲያ አብረህ አስቀምጣቸዋ!» አሉኝ። የመጀመሪያው ምክክር በዚሁ አለቀ፤ ከቡናው ጋር ከሠላሳ ደቂቃ አልበለጠም።

ፈታኞችን ጥንድ ጥንድ አድርጌ፣ ሳይነጋገሩ ለየብቻ እንዲወስኑ ካደረግሁ በኋላ «አብዛኛውን ጊዜ ይስማማሉ» የሚል የምሥራች ይዤ ተመለስሁ። ቀጥሎ የሆነውን በዝርዝር የምጽፈው፣ በኤስፒኤስኤስ (በስታቲስቲክስ ማስሊያው ፕሮግራም) ውጤት ላይ ደጋግሜ ያየሁትን አንድ ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ የተረዳሁት ያን ቀን ስለሆነ ነው። ዶክተር ለምሳሌ ያህል እንዲህ አሉ፦ ሁለቱም ፈታኞች ከ100 ተማሪ 90ውን የሚያሳልፉ ናቸው እንበል። ተማሪዎቹን ጨርሶ ሳያዩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንኳ ቢወስኑ፣ በአጋጣሚ ብቻ ወደ 81 የሚሆኑትን ሁለቱም ያሳልፋሉ፣ አንዱን ደግሞ ሁለቱም ይጥሉታል፤ ስለዚህ ምንም ሳይሠሩ በ82ቱ ላይ ይስማማሉ ማለት ነው። እውነተኞቹ ፈታኞች በ84ቱ ላይ ቢስማሙ፣ ከጨፈኑት ሰዎች የሚበልጡት በ2 ተማሪ ብቻ ነው። ከአጋጣሚው በላይ ሊደረስበት ይችል የነበረው 18 ስለነበር፣ 2 ለ18 ሲካፈል 0.11 ይሆናል። ጄኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበው ካፓ የሚባለው መለኪያ ይህ ነው። ወደ ቤቴ ተመልሼ የራሴን መረጃ በዚሁ መንገድ ባሰላው የምሥራቼ ከሰመ፤ ተማሪዎቹ ያጉረመረሙት በከንቱ አልነበረም።

ወዲያው ሦስተኛ ፈታኝ ልጨምር ስል ዶክተር ከለከሉኝ፤ ምክንያታቸውም በዚህ መስክ ለአሥርት ዓመታት ደጋግሞ የተረጋገጠ ነገር ነበር። አንድ ተማሪ የልብ ድካም ያለበትን በሽተኛ አሳምሮ መርምሮ፣ የጉበት በሽተኛ ፊት ሲቀርብ ሊጠፋበት ይችላል፤ በአንዱ ያሳየው ብቃት ስለ ሌላው የሚናገረው ጥቂት ነው። ስለዚህ በአንድ በሽተኛ ዙሪያ ፈታኝ ከማብዛት ይልቅ ለአንዱ ተማሪ የሚቀርቡለትን በሽተኞች ማብዛት ፈተናውን ይበልጥ አስተማማኝ ያደርገዋል። ስኮትላንዳዊው ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቁት፣ እኛ ኦስኪ የምንለው ፈተና ያተረፈውም ይህንኑ ነው፦ ደወል በተደወለ ቁጥር ተማሪው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይዞራል፣ በየጣቢያው ሌላ ሥራና ሌላ ፈታኝ ይጠብቀዋል፣ ሁሉም ተማሪ በተመሳሳይ ጣቢያዎች ያልፋል። ጨካኙ ፈታኝ ከነጭካኔው ይኖራል፤ የሚጨክነው ግን በሁሉም ላይ፣ ያውም በአንድ ጣቢያ ብቻ ነው።

ስለ ዶክተር የምርምር ሕይወት ጥቂት ካልተናገርሁ ጥቆማዬ ጎደሎ ይሆናል። በማዕረግ ተመርቀው ገጠር ጤና ጣቢያ በተመደቡ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በፈተና ተጠይቀው ያለፉባቸውን ሥራዎች አንድ አረጋዊ ነርስ እጃቸውን ይዞ እንዳስተማራቸው ዛሬም ያለ ኀፍረት ይናገራሉ። ኋላ ወደ ማስተማር ሲመለሱ ያ ሳምንት ጥያቄ ሆኖ ተከተላቸው። አሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ የሐኪምን ብቃት በአራት እርከን ከፍሎታል፦ ያውቃል፣ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል፣ ሠርቶ ያሳያል፣ በዕለት ሥራው ላይ ይሠራዋል። ዶክተር ዕድሜያቸውን የጨረሱት በሦስተኛውና በአራተኛው እርከን መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። ለፈተና እጁን ታጥቦ በሽተኛ የሚነካው ተማሪ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ሆኖ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተረኛ ሲሆን ይታጠባል ወይ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱን ለማግኘት ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ዋርድ ውስጥ ተቀምጦ ማየት ይጠይቃል። እርሳቸውም ተቀምጠው አይተዋል።

ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ጅማ የተመቸች ከተማ ናት። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ ነው፤ ከጅማ ግብርና ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ይዞት ቀጠለ። ከሄርማታ እስከ ቦሳ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ተማሪ ደጁን አንኳኩቶ ስለ ውኃና ስለ መጸዳጃ ቤት ያልጠየቀው ነባር ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ዶክተር የዚህ አሠራር ወዳጅ ናቸው፤ ወዳጅ ስለሆኑም ጠንካራ ጥያቄ ያቀርቡበታል። ተማሪው መዝግቦ የሄደውን ነገር ለቤቱ እመቤት ተመልሶ የነገራት ማነው? በቀጣዩ ዓመት የመጣው ተማሪስ የአምናውን መዝገብ አንብቦ ነው የመጣው ወይስ እንደ አዲስ ቆጠረ? በ2004 ዓ.ም. 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ተከፍተው በሀገሪቱ የተማሪው ቁጥር ሲያሻቅብ ደግሞ፣ በአንድ አልጋ ዙሪያ የሚቆመው ተማሪ በበዛ ቁጥር በሽተኛውን በእጁ የሚነካው ስንተኛው ነው ወደሚለው ዞሩ።

እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ስለ ቋንቋ ያነሡት ነገር ነው። የኦስኪ ጣቢያዎቼን ዝርዝር ይዤ ስሄድ ተማሪው በሽተኛ መስላ የምትቀርብን ሴት ስለ ሕመሟ ከሚጠይቅበት፣ ከታሪክ መቀበያው ጣቢያ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ይህቺ አስመሳይ በሽተኛ የምትናገረው በምን ቋንቋ ነው?» አሉኝ። በአማርኛ ነዋ አልሁ። «ዋርድህ ውስጥ ካሉት በሽተኞች ስንቱ ነው በአማርኛ የሚያወራህ?» ሲሉኝ አቀረቀርሁ። በጅማ ዙሪያ ካሉት ወረዳዎች፣ ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከማና የሚመጣው በሽተኛ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ቋንቋውን የማያውቀው ተማሪ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ በአማርኛ ጠይቆ፣ በአስታማሚ ወይም በጽዳት ሠራተኛ አስተርጓሚነት ታሪክ ይቀበላል። ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ አባላዘር በሽታ፣ ስለ ባል ዱላ የሚጠየቅ ጥያቄ በአማት አፍ ሲተላለፍ ምን ሆኖ እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም። እኛ ግን ተማሪውን የምንፈትነው ይህ ሁሉ በሌለበት ክፍል ውስጥ ነበር። እኔ ፈታኞቹ ይስማማሉ ወይ በሚለው ላይ ብቻ ባተኮርሁበት ሰዓት፣ ዶክተር ፈታኞቹ የሚስማሙበት ነገር የሥራውን ቦታ ይመስላል ወይ ብለው ጠየቁ።

ጥቆማው ሚዛናዊ እንዲሆን የሚያስቸግሩትንም እጽፋለሁ። ዶክተር ዝግተኛ ናቸው፤ የሰጠኋቸውን ረቂቅ ለማንበብ ሰባት ሳምንት ወስዶባቸዋል፣ ሲመልሱትም ውይይት ካልሁት ክፍል ሁለት አንቀጽ ብቻ ቀርቶ ሌላው ተሠርዞ ነበር። ለደረጃ ዕድገት አንድ ኅትመት ጎድሎት ለሚቻኮል ሰው አይመከሩም። ስማቸው በደራሲነት እንዲገባም አይፈቅዱም፤ «መረጃውን ሳልሰበስብ ደራሲ አልባልም» ይላሉ። በዚህ እንኳ እኔ አልስማማም፤ የጥናቱን ጥያቄ ያቃናው ሰው ከደራሲዎቹ አንዱ ነው ባይ ነኝ፣ ግን አላሸነፍኋቸውም። የውጭ ሀገር ተሞክሮን ያለ ማስተዋል የሚጠቅስም አይወዱም። ስለ ፍሌክስነር አንድ ዓረፍተ ነገር ለጌጥ ያህል መግቢያዬ ላይ ብሰካ፣ ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1910 የአሜሪካንና የካናዳን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሁኔታ ሲያጋልጥ ሐኪም ሳይሆን የትምህርት ቤት መምህር እንደነበረ ነግረውኝ፣ «እርሱ ሄዶ አየ፤ አንተም የጠቀስኸው ሄደህ ለማየት ከሆነ ይቆይ» አሉኝ። ዓረፍተ ነገሩን አወጣሁት።

ክፍያ አይቀበሉም። አንድ ጊዜ ለምስጋና ሁለት ኪሎ ቡና ብወስድላቸው «ለጅማ ሰው ቡና?» ብለው ሳቁብኝ፤ ስኳር ቢሆን እንደሚሻል ከዚያ ወዲህ ተምሬያለሁ።

አሁን ፈተናችን አሥራ ሁለት ጣቢያዎች አሉት፤ ሁለቱ በአፋን ኦሮሞ የሚካሄዱ ሲሆኑ፣ ከሁለቱ በአንደኛው ተማሪው የሚመዘነው አስተርጓሚን በአግባቡ መጠቀም በመቻሉ ነው። የተማሪዎቹ ጉርምርምታ አላቆመም፤ ዘንድሮ የሚያማርሩት ደወሉ ቶሎ ይደወላል ብለው ነው። ዶክተር ይህን ስነግራቸው ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ደቂቃውንም ማን እንደወሰነው ጠየቁኝ። የወሰንሁት እኔ ነበርሁ፤ በግምት። የሚቀጥለው ጥናቴ እርሱ ነው።

ሊያገኟቸው የሚሹ መምህራንና ሬዚደንቶች በውስጥ መልእክት ይጻፉልኝ፤ ጠይቄያቸው ቀን አስይዛለሁ። የማታውቁትን አንድ ነገር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኑ። መጠይቅ ካዘጋጃችሁም ጀርባው ያልተጻፈበት ይሁን።