ደብረ ብርሃን ላይ «ወይራ ነው» እየተባለ ከሚሸጠው ማማሰያና መክተፊያ ተጠንቀቁ

ወገኖች ለበዓል የቤት እቃ የምትገዙ በተለይ ይሄን አንብባችሁ ግዙ። ሰሞኑን መናኸሪያው አካባቢ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡት የእንጨት እቃ አለ፣ ማማሰያ በሉት ጭልፋ በሉት መክተፊያ፣ ትንንሽ ገበቴም አለው፣ ሁሉም ጥቁር ቡናማ ሆኖ ያብረቀርቃል ዋጋውም ርካሽ ነው፣ ሻጩ «የወፍ ዋሻ ወይራ ነው» ይላል። ወፍ ዋሻ እኮ ጥብቅ ደን ነው፣ እውነቱን ቢሆን ኖሮ ራሱ ሌላ ጣጣ ነበር።

ጎረቤታችን ሁሉንም ገዝታ ሽሮ ስታማስልበት ወጡ ላይ ጥቁር ቅባት ተንሳፈፈ፣ ሽታው ጋራዥ ጋራዥ ይላል፣ የተቃጠለ ዘይት ነው የቀቡት። መክተፊያውን ገልብጠን ስናየው ግማሹ የተፋቀ ማህተም አለበት፣ የሚስማሩ ቀዳዳ በሰጋቱራና በኮላ ተደፍኗል። ፓሌት ነው በቃ፣ ያ ፋብሪካ ውስጥ እቃ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ! ልትመልስ ስትሄድ ደግሞ «አጥበሽው ነው የተበላሸው» አላት፣ ማማሰያ ሳይታጠብ ሊቀመጥ ኖሯል?

ፓሌት ማህተሙ ላይ ኤችቲ (HT) የሚል ካለ በሙቀት የታከመ ነው፣ ኤምቢ (MB) ካለ ግን ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው። ኤችቲ ቢሆንም ፋብሪካ ውስጥ ምን እንደፈሰሰበት ማን ያውቃል። ከሁሉ የሚብሰው ከአሮጌ የመብራት ምሰሶ የተጠረበው ነው፣ ምሰሶው እንዳይበሰብስ ክሪዮሶት በሚባል ሬንጅ መሰል ነገር ወይ አርሰኒክ የሚባል መርዝ ባለበት ኬሚካል ነው የሚነከረው።

እና ስትገዙ ነጭ ሶፍት በሙቅ ውሃ አርጥባችሁ እሹት፣ ቀለም ከለቀቀ ወይ ሻጩ አታሹ ካለ ተዉት። ወይራ ከባድ ነው፣ እጃችሁ ላይ ከቀለለ ወይራ አይደለም። ዋንዛ ቀለል ይላል ግን ምንም አይልም፣ ገበቴና ሙቀጫ ድሮም ከሱ ይጠረባል። ጽድ ለአጥርና ለቤት ነው፣ ሽታው ምግብ ውስጥ ይገባል። ባህር ዛፍ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ ቆሻሻ ይይዛል። ከሁሉም ግን ቫርኒሽም ምንም ያልነካውን፣ የመጥረቢያው ምልክት የሚታየውን ምረጡ፣ ከጠራቢው ራሱ ካገኛችሁ ደግሞ የተሻለ ነው።

የገዛችሁ ካላችሁ ማገዶም አታድርጉት፣ ከምሰሶ የተጠረበ ሆኖ ምጣድ ስር ከገባ አርሰኒኩ በጭሱም በአመዱም ይወጣል፣ አመዱን ደግሞ ጓሮ ጎመን ላይ የምንበትን ብዙ ነን።