ለአንድ ሳል የተጠቀምኩባቸው ሦስት የጤና አገልግሎቶች፤ ድሬዳዋ

ከቶሮንቶ ድሬዳዋ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጉሮሮዬን ከረከረኝ፤ ከዚያም ንፍጥና ሌሊት የማያስተኛ ሳል ተከተለ። ስለ ሆቴልና ስለ ባጃጅ ሌሎች ብዙ ስለጻፉ፣ እኔ በዚህ ሳል ምክንያት ስላየኋቸው አገልግሎቶች ብቻ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት አክስቴ ቤት አጠገብ ወዳለ መድኃኒት ቤት ነው። ንጹሕ ነው፣ ማራገቢያው ይሠራል (በድሬ ሙቀት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም)፣ ወረፋም የለውም። ባለሙያዋ «ጋሼ፣ አክታው ቢጫ ነው?» አለችኝ፤ አዎ ስላት ማዘዣ ሳትጠይቅ አዚትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ፣ ባለ 500 ሚሊግራሙን በቀን አንድ፣ ለሦስት ቀን እንድወስድ ሰጠችኝ። ነገር ግን አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት አይደለም፤ ቫይረስ ባመጣው ጉንፋንም አክታ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ስለሚሆን፣ ቀለሙ ብቻውን ባክቴሪያ ስለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። ይበልጥ ያሳዘነኝ ሌላ ነው፤ ለልብ ምቴ መድኃኒት የምወስድ ሰው ነኝ፣ አዚትሮማይሲን ደግሞ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል፤ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። እሽጉን ሳልከፍት ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሁለተኛው የግል ክሊኒክ ነበር። ደረቴን ማንም ሳያዳምጥ ደም ተቀዳሁ፤ ውጤቱም «ትንሽ ታይፎይድ አለብዎት» የሚል ሆነና ሴፍትሪያክሶን የተባለ የአንቲባዮቲክ መርፌ ታዘዘልኝ። ዊዳል የሚባለው ይህ የታይፎይድ የደም ምርመራ ቀድሞ በነበረ ሕመም ምክንያት እንኳ በሽታው እንዳለ ሊያሳይ እንደሚችል ስለማውቅ፣ ትኩሳት ሳይኖረኝ መርፌውን አልወጋም ብዬ ከፍዬ ወጣሁ።

ሦስተኛው ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቄያለሁ፤ መጸዳጃ ቤቱም ውኃ አልነበረውም። ይሁን እንጂ የመረመረችኝ ወጣት የጤና መኮንን ሙቀቴንና የልብ ምቴን ለካች፣ እስትንፋሴን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች፣ ጀርባዬን ከላይ እስከ ታች አዳመጠች። ሙቀቴ ከ38 በታች፣ የልብ ምቴ ከ100 በታች፣ እስትንፋሴም በደቂቃ ከ24 በታች ስለነበረና ሳንባዬ ውስጥ ያልተለመደ ድምፅ ስላልሰማች፣ የሳንባ ምች እንዳልመሰላት፣ ብሮንካይተስ (የአየር ቧንቧ መቆጣት) እንደሆነና ይህም አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ እንደሚመጣ አስረዳችኝ። አንቲባዮቲክ ብወስድ ሳሉን ከግማሽ ቀን ብዙም አያሳጥርልኝም፤ ተቅማጥና ሽፍታ ግን ሊያመጣብኝ ይችላል። ሳሉ እስከ ሦስት ሳምንት ቢቆይ የሚያስደነግጥ ባይሆንም፣ በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ስላለ ሁለት ሳምንት ሲሞላው አክታ እንድሰጥ፣ ትኩሳት፣ ደም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን በዚያው ቀን እንድመለስ ነገረችኝ።

አክስቴ «ታዲያ ምን ሰጠችህ?» አለችኝ። ምንም ስላት «ይህን ሁሉ ፀሐይ ላይ ተሰልፈህ ባዶ እጅህን?» ብላ አዘነችልኝ፤ ማርና ትኩስ ሻይ ግን አላቋረጠችም።

በ15ኛው ቀን ተመልሼ አክታ ሰጠሁ፤ ነቀርሳ አልተገኘብኝም፣ ሳሉም በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ቆመ። ሻንጣዬን ሳዘጋጅ አክስቴ ያልተከፈተውን አዚትሮማይሲን አይታ «ጎረቤታችን እያሳላት ነው፣ ስጠኝ» ብላ ለመነችኝ። እኔም እሽጉን ደብቄ፣ ጎረቤታችንን ወደዚያችው የጤና መኮንን ወሰድኳት፤ በዚያ ቀን ግን ወረፋው ሦስት ሰዓት ፈጀብን።